የቢተው ካብ

(በስሜን ደጋ፣ በሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሽማግሌው ግንበኛ ዋኘው ደጃፉ ላይ የፈረሰ የበግ በረት ይክባል፤ አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፈችው ታናሽ እህቱ ፈንታዬ ቀሚሷ በጭቃ ተለውሶ ፊቱ ቆማለች፤ ከጀርባዋ «የቢተው ካብ» የሚባለው ረጅም የድንጋይ ጉብታ ሸለቆውን ከገደል እስከ ገደል ዘግቶ በጉም ውስጥ ተጋድሟል።)

ፈንታዬ፦ እንቢ ከማለትዎ በፊት እስከ መጨረሻው ይስሙኝ ነው የምልዎ።

ዋኘው፦ እንቢ ብያለሁ እኮ። አሁን እስከ መጨረሻው እሰማሻለሁ።

ፈንታዬ፦ የመጣሁት ለራሴ አይደለም። ለስንዱ ነው።

ዋኘው፦ ልጅሽ ምን ሆነች?

ፈንታዬ፦ ወሯ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ ሆዷን ዳበሰች፣ ዳበሰችና ዝም አለች። እኔ ሰው ዝም ሲል አልወድም። ምንድን ነው ስላት፣ ልጁ አግድም ተኝቷል አለችኝ። ራሱን ወደ ታች አላደረገም፤ እንደ በር መወርወሪያ ተጋድሟል። ምጥ እዚህ ከያዛት ሁለቱንም ታጫቸዋለሽ፣ ነገ በጠዋት ሆስፒታል ትግባ አለች። ለአምቡላንስም ደውላለች። ማለዳ መኪና መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

ዋኘው፦ እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት። መኪናውም አለ፣ መንገዱም አለ፤ ታዲያ እኔ ለምን ተፈለግሁ?

ፈንታዬ፦ መንገዱ በእርስዎ በኩል ነው። እኛ ከካቡ ወዲያ ነን።

ዋኘው፦ ዛሬ ነው ወዲያ የሆናችሁት?

ፈንታዬ፦ ከዚህ በረት በስተጀርባ ካቡ ዝቅ ይላል፤ ከሰው ደረት አይበልጥም። እኔም በዚያው ተንፏቅቄ ነው የመጣሁት፤ ቃሬዛ ግን ድንጋዩ እየተንከባለለ አያሳልፍም። እዚያ ላይ አራት ክንድ ይከፈትልን። ሰዎቹ ዶማና ዲጂኖ ይዘው ቤቴ ተቀምጠዋል። ግማሽ ቀን አይፈጅባቸውም። ከተከፈተ ቃሬዛው በግማሽ ሰዓት መኪናው ዘንድ ይደርሳል።

ዋኘው፦ ሰዎቹ ካሉ፣ ዶማው ካለ፣ ምን አስቀመጣቸው?

ፈንታዬ፦ የእርስዎ ቃል። የካቡ ጠባቂ ይሁን ሳይል ማንም እጁን አይዘረጋም።

ዋኘው፦ ጎሽ። አሁንም ሰው አለ ማለት ነው።

ፈንታዬ፦ ሰው አለ። እኔ የምፈራው ነገ እንዳይጎድል ነው።

ዋኘው፦ ዙሪያውን ሂዱ። አባቶቻችን በወንዙ በኩል ዙሪያውን ሲሄዱ ኖረዋል።

ፈንታዬ፦ ሲሞቱም ኖረዋል።

ዋኘው፦ ምላስሽ አልደነዘም።

ፈንታዬ፦ በወንዙ በኩል አምስት ሰዓት ነው። ውኃውን ሁለት ጊዜ መሻገር አለብን፤ ያውም በሐምሌ። የፊተኛው ተሸካሚ ቢያዳልጠውስ? መሐል ወንዝ ላይ ምጡ ቢመጣስ? ከላይ ዘንቦ ድንገት ቢሞላስ? መኪናው ጠብቆ ጠብቆ ቢመለስስ?

ዋኘው፦ አንቺ ከልጅነትሽ ሠርግ ቤት ተቀምጠሽ ለቅሶ የምታስቢ ነሽ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ጅብ በጎቹን ይጨርሳቸዋል ብለሽ ከበረቱ ሥር አደርሽ። ጅቡም አልመጣ፣ በጎቹም ደኅና አደሩ፤ ብርድ የመታው አንቺን።

ፈንታዬ፦ በሳምንቱ መጥቶ ሁለት በላ።

ዋኘው፦ እሱስ በላ።

ፈንታዬ፦ አምና የአዝመራው ሚስት የት ነው የሞተችው?

ዋኘው፦ ወንዙ ዳር።

ፈንታዬ፦ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስትሄድ አይደለም?

ዋኘው፦ አውቀዋለሁ ፈንታዬ። ያንን ጠፍጣፋ ድንጋይ አቀብይኝ።

ፈንታዬ፦ ይኸው።

ዋኘው፦ ይኸኛው አይደለም፤ አፍንጫ ያለው። አዎ። ድሮም አንቺ ነበርሽ የምታቀብዪኝ። ዐይንሽ መልካም ነበር።

ፈንታዬ፦ ሌላ ወሬ አያምጡብኝ።

ዋኘው፦ አንቱ ነው እንግዲህ የምትዪኝ? ድሮ አያ፣ አንተ ነበር።

ፈንታዬ፦ ድሮ ሌላ ነው። ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?

ዋኘው፦ አንቺም ከእኔ እኩል ሰምተሻል። አባባ ከአልጋው ቀና ብሎ ምን አለ? «ከቢተው ካብ ድንጋይ ያነሣ ዘሩ አይብቀል።» ቅድመ አያታችን ቢተው ለብቻው፣ በእጁ፣ ከሰባት ዓመት በላይ የካበው ነው። አንዱን ያነሣ የቢተውን አጥንት እንዳነሣ ነው። ልጅሽን ለማዳን ብዬ የራስሽን ዘር ላስረግም?

ፈንታዬ፦ ካቡን ቢተው አልካበውም።

ዋኘው፦ ማን ካበው?

ፈንታዬ፦ በረዶ።

ዋኘው፦ ምን አልሽ?

ፈንታዬ፦ በረዶ ነው።

ዋኘው፦ በሰኔ የወረደው በረዶ ገብሴን ሲያስተኛው አይቻለሁ። ድንጋይ ሲክብ ግን አላጋጠመኝም። ምናልባት እናንተ ዘንድ የሚወርደው ሙያ አለው።

ፈንታዬ፦ ይሣቁ። እኔም ስሰማ ሥቄ ነበር። በጥር ከዩኒቨርሲቲ ሦስት ሰዎች መጥተው እኔ ቤት ስምንት ቀን አድረዋል።

ዋኘው፦ መዶሻ የያዘችው ልጅ? እዚህም መጥታ ነበር። ካቡን ኳ ኳ ስታደርግ በዱላ አባረርኋት።

ፈንታዬ፦ ነግራኛለች። «ያ ሽማግሌ ድንጋዩን እንደ ልጁ ነው የሚወደው» አለች። ማታ ማታ ታስረዳኝ ነበር። አሥረኛ ክፍል ድረስ መማሬን ስታውቅ ደስ አላት። ሸለቆአችን ለምን እንደ ገበቴ እንደሆነ ያውቃሉ? ውኃ የቆፈረው ሸለቆ ከታች ይሾላል። የእኛ ግን ወለሉ ሰፊ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። በረዶ የጠረገው ነው።

ዋኘው፦ የት አለ በረዶው?

ፈንታዬ፦ ዛሬማ የለም። ድሮ፣ እጅግ ድሮ፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ አንድም ጭስ ሳይታይ፣ ዛሬ አመዳይ ብቻ የሚያለብሰው ተራራ ዓመቱን ሙሉ ነጭ ነበር። የአምናው ሳይቀልጥ የዘንድሮው ይጫነዋል። ሲጫን ይጠጥራል፤ ሲከብድ ደግሞ ቁልቁል መሄድ ይጀምራል። የበረዶ ግግር ይሉታል።

ዋኘው፦ ይሄዳል? በእግሩ?

ፈንታዬ፦ ቀስ ብሎ። ቆሞ ያየው ሰው አይሄድም ይላል። ግን ያርሳል። ያገኘውን ድንጋይ ይነቅላል፣ ይገፋል፣ በጀርባው ይሸከማል። ከታች የያዘው ድንጋይ ደግሞ አለቱን ይቧጭረዋል። ከምንጩ በላይ ባለው አለት ላይ የተሰመሩት መስመሮች ምንድን ናቸው?

ዋኘው፦ የቢተው ሞፈር የጫረው ነዋ። በበሬ ሳይሆን በአንበሳ ነበር የሚያርሰው።

ፈንታዬ፦ አለት ላይ ምን ሊዘራ?

ዋኘው፦ ይህንንማ አልጠየቅነውም።

ፈንታዬ፦ የበረዶው ጭረት ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት፤ ወደ ካቡ። የገብሱ ማሳ መሐል ብቻውን የቆመው ትልቁ ድንጋይስ? መልኩ ከማሳው ድንጋይ አይገናኝም። ያ ቀይ ድንጋይ የሚገኘው ተራራው ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

ዋኘው፦ እሱን ቢተው ተናዶ ወርውሮት ነው።

ፈንታዬ፦ ቤት የሚያህል ድንጋይ?

ዋኘው፦ የድሮ ሰው ንዴቱም ቤት ያህላል።

ፈንታዬ፦ በረዶው ተሸክሞት መጥቶ ነው። እዚያ ሲደርስ ቀለጠና ጥሎት ሄደ።

ዋኘው፦ ሳይመለስ?

ፈንታዬ፦ ሳይመለስ።

ዋኘው፦ ምስኪን። እኔ ወላጅ ያለው መስሎኝ ነበር።

ፈንታዬ፦ ካቡም እንዲሁ ነው። በረዶው እየገፋ እየገፋ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሙቀት በዛበትና ቆመ። ከፊቱ የገፋውን ሁሉ እዚሁ ከምሮ ወደ ኋላ እየቀለጠ ተመለሰ። ቢተውም፣ ሰባት ዓመቱም፣ እርግማኑም የሰው ወሬ ነው።

ዋኘው፦ አሥረኛ ክፍል ብዙ ነገር ያስተምራል።

ፈንታዬ፦ ይህንን አላስተማሩኝም። ቢያስተምሩኝማ…

ዋኘው፦ ቢያስተምሩሽስ?

ፈንታዬ፦ ተዉት። እርስዎ ግንበኛ ነዎት። ካብ እንዴት ነው የሚካበው?

ዋኘው፦ አሁን ይህ ለአንቺ ይነገራል?

ፈንታዬ፦ ይንገሩኝ።

ዋኘው፦ አፈሩን ቆፍረሽ ጠንካራውን መሬት ታገኛለሽ። ትልልቁን ከታች ታስተኛለሽ። ፊቱን ወደ ውጭ፣ ጭራውን ወደ ውስጥ። ሁለት ድንጋይ የሚገናኙበት ላይ ሦስተኛውን ታሳርፋለሽ። መሐሉን በጠጠር ትሞያለሽ፤ አፈር አይገባም፣ አፈር ውኃ ይይዝና ሆዱን ይነፋዋል። ወደ ላይ ስትሄጂ ድንጋዩ እያነሰ ይሄዳል።

ፈንታዬ፦ የቢተው ካብ እንዲህ ነው የተካበው?

ዋኘው፦ ጠጠር ያለበትን ቅርጫት አምጪልኝ።

ፈንታዬ፦ አመጣለሁ። መጀመሪያ ይመልሱልኝ።

ዋኘው፦ ዝናቡ ሊመጣ ነው።

ፈንታዬ፦ አያ ዋኘው።

ዋኘው፦ መሠረት የለውም።

ፈንታዬ፦ ምን አሉ?

ዋኘው፦ ካቡ መሠረት የለውም። ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች፣ መሐሉ ጭቃ። አንዱም ድንጋይ አንዱን አይቶ አልተቀመጠም። ሰው የጣለው ቢሆን እንኳ ይህን ያህል አይዘበራረቅም።

ፈንታዬ፦ ይህን መቼ አወቁ?

ዋኘው፦ አባባ በሞተ በሁለተኛው ክረምት። ጎርፍ ጎኑን ሸርሽሮት ልጠግነው ብዬ ቆፈርሁ። እስከ ወገቤ ገባሁ። የቢተውን የመጀመሪያ ድንጋይ ልሳለም ነበር ሐሳቤ። ከሥር ሰማያዊ ጭቃ ነው ያገኘሁ። መልሼ ደፈንሁትና ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

ፈንታዬ፦ አባባ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።

ዋኘው፦ ነው።

ፈንታዬ፦ ባሌ ይርዳው ከካቡ ስምንት ድንጋይ ያነሣው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው።

ዋኘው፦ እቆጥራለሁ እኔም።

ፈንታዬ፦ ሽማግሌ ፊት ስታቆመው ታውቅ ነበር?

ዋኘው፦ አውቅ ነበር።

ፈንታዬ፦ ስምንቱንም አንድ በአንድ በትከሻው ተሸክሞ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ መልስ ስትለው ታውቅ ነበር?

ዋኘው፦ ፈንታዬ…

ፈንታዬ፦ በዓመቱ የጓሳ ሣር ሊያጭድ ወጥቶ ገደል ሲገባ፣ ሬሳው ቤቴ ተጋድሞ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሐል ቆመህ «ካቡ ዋጋውን ተቀበለ» ስትል፣ ያን ጊዜም ታውቅ ነበር?

ዋኘው፦ አዎ።

ፈንታዬ፦ እያወቅህ።

ዋኘው፦ አሁን አንተ አልሽኝ።

ፈንታዬ፦ እያወቅህ ነው ያልኸው?

ዋኘው፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰው ሁሉ እኔን ያይ ነበር። ጠባቂው ምን ይል ይሆን ብሎ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ቤቴ ስመለስ ነው ምን እንዳልሁ የሰማሁት።

ፈንታዬ፦ ድንጋዩን አምጣ ብሎ ይርዳውን የላከው ማን ይመስልሃል?

ዋኘው፦ ራሱ ነው እንጂ፤ ደፋር ነበር።

ፈንታዬ፦ እኔ ነኝ። ጎተራውን አይጥ ቆፍሮ ገብቶብኝ፣ ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይቀመጥልኝ አልሁት። እሱማ ፈርቶ ነበር። ሦስት ቀን ጨቀጨቅሁት። አንተ ያንን ቃል ከተናገርህበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በመጣ ቁጥር የምሰማው እሱን ነው። ካቡ ገደለው፤ ወደ ካቡ የላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ባሌን ገድዬ ነው የኖርሁት።

ዋኘው፦ ይህን አልነገርሽኝም።

ፈንታዬ፦ ለማን ልንገር? ላንተ? ስንዱ ሆዷ ሲገፋ የሌላ ሰው እናት እልል ትላለች። እኔ ጣት መቁጠር ጀመርሁ። «ዘሩ አይብቀል» ነው የተባለው። እርግማኑ እሱን ወስዷል፣ የቀረው ዘሩ ነው እያልሁ። ዛሬ ጠዋት ያቺ ልጅ ዳብሳ ዝም ስትል፣ ይኸው መጣ አልሁ። ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ነው ያወቅሁት።

ዋኘው፦ ይርዳውን ካቡ አልገደለውም።

ፈንታዬ፦ እሱን አሁን ነው የምትነግረኝ?

ዋኘው፦ ከገደሉ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በገመድ ወርጄ። ጫማውን አይቻለሁ። ከሥሩ አልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ጓሳው ላይ ሌሊቱን አመዳይ ጥሎ ነበር፤ ያዳለጠበት ቦታ በጣት እንደተሠመረ ይታያል። ያረጀ ጫማና እርጥብ ሣር ነው። ያንን ከማንም በፊት ያየሁ እኔ ነኝ።

ፈንታዬ፦ አዲስ ጫማ ልግዛ ሲለኝ ለፋሲካ ይደርሳል አልሁት።

ዋኘው፦ ይኸውልሽ፤ አሁን ደግሞ በጫማው ልትገድዪው ነው። አንቺ ሰው የገደልሽ ካልመሰለሽ አይነጋልሽም።

ፈንታዬ፦ ለምን ዋሸህ? አንድ ነገር ንገረኝ። ለምን?

ዋኘው፦ አባባ ላንቺ ምን ሰጠሽ?

ፈንታዬ፦ ምንም። መሬቱን ላንተ ነው የሰጠ።

ዋኘው፦ ትምህርት ሰጠሽ። ደባርቅ አክስታችን ዘንድ ልኮ አሥረኛ ክፍል አደረሰሽ። እኔን ግን ክንዴን ይዞ እዚህ አምጥቶ «ይህ ያንተ ነው፣ ጠብቀው» አለኝ። ሌላ ሰው ፊደል ሲቆጥር እኔ ድንጋይ ስቆጥር አደግሁ። ሰው ሰላም የሚለኝ በካቡ ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥ የምጠራው በካቡ ነው። ከሥሩ ጭቃ ነው ብዬ ወጥቼ ብናገር እኔ ምንድን ነኝ? ከድንጋይ ክምር ጎን የሚኖር አንድ ሽማግሌ።

ፈንታዬ፦ አሁንስ ማን ነህ?

ዋኘው፦ አሁንማ እሱም የለም። ወጣቱ ወደ ከተማ ሄደ። ድሮ ይፈሩኝ የነበሩት ሞቱ። ጥሩዬም ሞተች። ሚስቴ ከሞተች አራት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ምናልባት አልሰማሽም።

ፈንታዬ፦ ሰምቻለሁ።

ዋኘው፦ ሰምተሽ ቀረሽ?

ፈንታዬ፦ አልቀረሁም። ካቡ ላይ ወጥቼ ተቀምጬ ነበር። ሙሾው ይሰማኝ ነበር። ጥሩዬ ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ እያሰብሁ ለብቻዬ አለቀስሁ። ልወርድ ብዬ እግሬን ሰደድሁ፤ ያቺ ቃልህ መጣችብኝና መለስሁት።

ዋኘው፦ ነጭ ነገር አይቼ ነበር። ጉም መሰለኝ።

ፈንታዬ፦ ነጠላዬ ነው።

ዋኘው፦ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። ምን ጉም ነው አንድ ቦታ የሚቀመጥ ብዬ።

ፈንታዬ፦ ብትጠራኝ እመጣ ነበር።

ዋኘው፦ ጉም ይጠራል?

ፈንታዬ፦ እኔ ልሂድ። ይመሻል። ሰዎቹ በጊዜ ካልተኙ ነገ አይችሉም። በወንዙ በኩል እንወስዳታለን።

ዋኘው፦ ቁጭ በይ።

ፈንታዬ፦ የመጣሁበትን አግኝቻለሁ። ይርዳውን አልገደልሁትም። ይህችው ትበቃኛለች።

ዋኘው፦ ቁጭ በይ አልሁሽ። የመጀመሪያውን ድንጋይ እኔ አነሣዋለሁ።

ፈንታዬ፦ አንተ?

ዋኘው፦ እኔ ዘር የለኝም። እግዚአብሔር አልሰጠኝም። እርግማኑ ቢመጣ ይህን ባዶ ቤት ዞሮ ዞሮ፣ የሚበላው አጥቶ ጦሙን ይመለሳል።

ፈንታዬ፦ አይሆንም።

ዋኘው፦ ምኑ?

ፈንታዬ፦ ዘር የለኝም አትበል። ስንዱ የማን ናት? የእኅት ልጅ ልጅ አይደለም? አንተ ካነሣኸው የሚይዘው እሷን ነው።

ዋኘው፦ በረዶ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?

ፈንታዬ፦ ነኝ።

ዋኘው፦ ገበቴ፣ ጭረት፣ ቀይ ድንጋይ ስትዪኝ አልነበረም?

ፈንታዬ፦ ነበር። በረዶ ነው። አምኛለሁ። ግን ባይሆንስ?

ዋኘው፦ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምረሽ?

ፈንታዬ፦ አሥረኛ ክፍል ስለ ልጅ አያስተምሩም።

ዋኘው፦ እንግዲያው ያልተማረው ይንገርሽ። ወዲህ እዪኝ። አርባ ዓመት ካብ ክቤያለሁ። የሰው እጅ ሰነፍ ቢሆንም፣ ቢሰክርም፣ ቢቸኩልም የሆነ ነገር ያስቀምጣል፤ ትልቁን ድንጋይ ከተሸከመ በኋላ ወገቡን ስለሚያመው ከታች ነው የሚተወው። እዚያ ውስጥ የማንም ወገብ አልታመመም። ላንቺ ብዬ ሳይሆን በጥሩዬ ነፍስ ልማልልሽ፤ ሰው አልነካውም። ማንም አልካበውም፣ ማንም አልረገመበትም። የመዶሻዋ ልጅ ልክ ናት።

ፈንታዬ፦ ይህንን ለሰዎቹ ትነግራቸዋለህ?

ዋኘው፦ ለሰዎቹ?

ፈንታዬ፦ እኔ ብነግራቸው ለልጇ ብላ ነው ይላሉ። እነሱም ልጆች አሏቸው፤ በእኔ ወሬ ልጆቻቸውን አያስይዙም። ካንተ አፍ መስማት አለባቸው። ያውም ዛሬ።

ዋኘው፦ ምን ልበላቸው? ሃያ አራት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ?

ፈንታዬ፦ አዎ።

ዋኘው፦ የአዝመራው ሚስት በከንቱ ነው የሞተችው ልበል? አዝመራውም ዶማ ይዞ ቤትሽ ተቀምጧል አይደለም?

ፈንታዬ፦ ከሁሉም ቀድሞ የመጣው እሱ ነው።

ዋኘው፦ የሚያደርገኝን አታውቂም።

ፈንታዬ፦ እኔ? እኔ ለሁሉ ነገር የመጨረሻውን ክፉ የማውቅ ሰው ነኝ። ሊመታህ ይችላል። ላይመታህም ይችላል፤ ተመልሶ ይሄድና እስክትሞት ድረስ አያይህም። እሱ ይብሳል። እኔ አድርጌው አውቀዋለሁ።

ዋኘው፦ ጥሩ ታጽናኛለሽ።

ፈንታዬ፦ ላጽናናህ አልመጣሁም።

ዋኘው፦ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል ሰው።

ፈንታዬ፦ እሱን የሚተርት ያልወለደ ነው።

ዋኘው፦ ጠጠሩን አቀብይኝ።

ፈንታዬ፦ ክፉ ተናገርሁ። ይቅር በለኝ አያ።

ዋኘው፦ ግድ የለም። ልክ ነሽ። ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ወንድሙን በድሎ ሲታረቅ ምን ተሸክሞ ነው የሚሄደው?

ፈንታዬ፦ ድንጋይ ነዋ። በጫንቃው።

ዋኘው፦ ተሸክሞስ?

ፈንታዬ፦ ከተበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃል። አውርድ ይቅር ብዬሃለሁ እስኪሉት ድረስ አያወርድም። ምን ነካህ፣ ስንት ሰው ያስታረቅህ አይደለህም?

ዋኘው፦ ሌላውን ሳስታርቅ የድንጋዩን ክብደት ጠይቄ አላውቅም። ሂጂ ሰዎቹን ጥሪያቸው። ዶማውንም ቃሬዛውንም ይዘው ካቡ ወዲያ ማዶ፣ ዝቅ ካለው ቦታ ይቁሙ። አንቺም ከፊት ቁሚ፤ አዝመራውም ካንቺ ጎን ይቁም። እኔ በወዲህ በኩል እወጣለሁ። ሁሉም እያዩኝ ከካቡ አንድ ድንጋይ እነቅላለሁ፣ እሸከማለሁ፣ ወርጄ እግርሽ ሥር እወድቃለሁ። የምናገረውን ከዚያ እናገራለሁ፤ ተሸክሜ ሳለሁ አልዋሽም።

ፈንታዬ፦ በዚህ ዕድሜህ ጀርባህ ቢሰበርስ?

ዋኘው፦ ጀመርሽ ደግሞ።

ፈንታዬ፦ ዝናቡ ጀምሯል። ድንጋዩ ያሟልጫል። ትልቁን እንዳታነሣ።

ዋኘው፦ ይርዳው ያነሣቸውን አውቃቸዋለሁ። መልሶ ያስቀመጠበትንም አውቀዋለሁ። በእነሱ እጀምራለሁ።

ፈንታዬ፦ አያ፣ እኔ ገና መጀመሪያውን ተሸክመህ ሳይህ አውርድ የምልህ ይመስለኛል። አልችልም። አንድ ድንጋይ ደግሞ ቃሬዛ አያሳልፍም።

ዋኘው፦ እንግዲያው አደራሽን፤ ቃሬዛው እስኪያልፍ ድረስ ይቅር እንዳትዪኝ።